አንድ ምልክት፣ ሁለት ዓይነት ሞት፦ የ«አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን» የሞት ማስጠንቀቂያ ሲፈተሽ

ፋንፊክ የሚያነብ ሰው «አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን» የሚባለውን ቤተ መዛግብት ሳያውቀው አይቀርም። አድናቂዎች በሚወዷቸው መጻሕፍት፣ ፊልሞችና ጌሞች ላይ ተመሥርተው የጻፏቸው ከ10 ሚሊዮን በላይ ሥራዎች ተከማችተውበታል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው። ማስታወቂያ የለበትም፣ ክፍያ አይጠይቅም፣ የሚተዳደረው በመዋጮና በበጎ ፈቃደኞች ነው። በ2019 ለሳይንስ ልቦለድና ለፋንታሲ ዘርፍ የሚሰጠው የሁጎ ሽልማት ተሰጥቶታል። እዚህ የምንገመግመው ግን አገልግሎቱን በሙሉ አይደለም። «ይህ ገጸ ባሕርይ ሊሞት ነው»፣ «ይሄኛው እኮ ድሮ ሞቷል» የሚሉ የአድናቂ ቲዮሪዎች አሉ፤ ገጸ ባሕርይው አካል ጉዳተኛ ወይም ሕመምተኛ ሲሆን ትልቅ ጠብ ያስነሣሉ። አገልግሎቱ ይህን ክርክር ምን ያህል ይሸከመዋል? ጥያቄያችን ይኸው ነው።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። የሞት ታሪክ ማንበብ ለማይፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አናውቅም። ሞቱ ስለ አካል ጉዳት ምን እያለ እንደሆነ ለማወቅ ግን ማስጠንቀቂያው ብቻውን አይበቃም፤ አጠቃቀሙን ያላወቀ ሰው እንዲያውም የፈለገውን ደብቆ የሸሸውን ይዞ ሊቀር ይችላል።

መጀመሪያ ጠቡ ከየት እንደሚነሣ። አካል ጉዳተኛን ወይም ሕመምተኛን አሳንሶ ማየት፣ ሕይወቱንም ለመኖር የማይበቃ አድርጎ መቁጠር በአድናቂዎች ዘንድ «ኤብሊዝም» ይባላል። በልጅነቱ ፖሊዮ የያዘው አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ፖል ሎንግሞር በ1985 ባወጣው ጽሑፍ፣ ፊልምና ቴሌቪዥን ለአካል ጉዳተኛ ገጸ ባሕርይ ሞትን እንደ መውጫ በር ደጋግመው እንደሚያቀርቡ አሳይቶ ነበር። ስለዚህ አንዱ «ዊልቸር ላይ ያለው በመጨረሻው ክፍል ይሞታል» ብሎ ሲገምት ሌላው «ለምን እሱ?» ብሎ ቢነሣ የሚገርም አይደለም። ያንን በር ብዙ ጊዜ ሲከፈት አይቶታል።

አንድን ቲዮሪ ለመመርመር የሚጠቅመው ቀላሉ ዘዴ ጉዳቱን ከማስረጃው ውስጥ ማውጣት ነው። ካወጣችሁት በኋላ ግምቱ ከቆመ፣ ስለ ታሪኩ አሠራር የተነገረ ግምት ነው። ከፈረሰ ግን «እንዲህ ሆኖ ከመኖር ሞት ይሻለዋል» የሚለው ሐሳብ ብቻ ነበር ያቆመው። ከሃሪ ፖተር ማድ-አይ ሙዲን ውሰዱ። እግሩና አንድ ዓይኑ የራሱ አይደሉም። በ2007 በወጣው የመጨረሻው መጽሐፍ ላይ፣ ሃሪን ለማሻገር በተደረገው በረራ ላይ ጠላት ገደለው። እግሩን ብትመልሱለት እንኳ ሞቱ አይቀርም፤ አንጋፋ ተዋጊ ነው፣ ልጁን ለማሻገር ፊት ለፊት የቆመው እሱ ነው። በ2016 የወጣውን «ሚ ቢፎር ዩ» የተባለውን ፊልም ደግሞ ተመልከቱ። ዋናው ሰው በአከርካሪ ጉዳት ሽባ ሆኗል፤ የሚወደውና የሚያፈቅረው ሰው እያለ ወደ ስዊዘርላንድ ሄዶ በፈቃዱ ይሞታል። ጉዳቱን ስታወጡ ሞቱም አብሮ ይወጣል። የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቾች ለንደን በተካሄደው የፊልሙ ምርቃት ላይ የተቃወሙት ለዚህ ነበር።

ዘዴው የማይደርስበት አንድ ነገር አለ፤ አንድን ሞት እንጂ ድግግሞሽን አይመዝንም። ሌላው የሃሪ ፖተር ገጸ ባሕርይ ሬመስ ሉፒንም በዚያው የመጨረሻ መጽሐፍ ይሞታል። ወደ ተኩላ የሚለወጥ ሰው መሆኑ እንደ ኤችአይቪ ያሉ መገለል የሚያስከትሉ ሕመሞች ምሳሌ መሆኑን ደራሲዋ ራሷ ተናግራለች። የሙዲም የሉፒንም ሞት ለየብቻው ሲታይ የጦርነት ሞት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንባቢ ግን «በሰውነቱ ምልክት ያለበት ሁሉ ለምን ከታሪኩ ይወጣል?» ብሎ ቢጠይቅ ተሳስቷል ማለት አንችልም። ብዙ ክርክሮች የማያልቁት አንዱ ወገን ስለ አንድ ሞት፣ ሌላው ስለ ድግግሞሹ እየተናገረ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ወደ አገልግሎቱ። ሥራ የሚጭን ሰው ሁሉ ከማስጠንቀቂያዎቹ ቢያንስ አንዱን ሳይመርጥ ማለፍ አይችልም። በይዘት የተጠቀሱት አራት ናቸው፦ ዘግናኝ ጥቃት፣ የዋና ገጸ ባሕርይ ሞት፣ አስገድዶ መድፈር፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች የሚሳተፉበት ወሲብ። በእነዚህ ላይ «ማስጠንቀቂያ የሚያሻው ነገር የለም» የሚልና «ደራሲው ማስጠንቀቂያ ላለመጠቀም መርጧል» የሚል አማራጭ አለ። የኛ ጉዳይ «ሜጀር ካራክተር ዴዝ»፣ ማለትም የዋና ገጸ ባሕርይ ሞት የሚለው ነው። ጉድለቱም እዚሁ ላይ ነው፤ የሙዲን ዓይነት ሞትና የ«ሚ ቢፎር ዩ»ን ዓይነት ሞት በአንድ ምልክት ይጠራቸዋል። «ዋና» ገጸ ባሕርይ ማን እንደሆነም የሚወስነው በአብዛኛው ደራሲው ነው። አካል ጉዳተኛው የጎን ገጸ ባሕርይ ከሆነ ሞቱ ምልክት ላይደረግበት ይችላል፤ አካል ጉዳተኞች በታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጎን ላይ የሚቀመጡ መሆናቸው ነገሩን ያባብሰዋል።

በራእይ የታየ ሞትስ? በ1843 የወጣው የዲከንስ የገና ታሪክ ውስጥ ትንሹ ቲም በክራንች የሚሄድ ልጅ ነው። በሦስተኛው መንፈስ ራእይ ሞቶ ይታያል፤ በመጨረሻ ግን ይተርፋል። እንዲህ ያለ ታሪክ ቢጫን አንዱ ደራሲ የሞት ምልክት ያደርግበታል፣ ሌላው አያደርግበትም፤ ሁለቱም ደንብ አልጣሱም። ደግ ደራሲዎች «ቴምፖራሪ ካራክተር ዴዝ» (ጊዜያዊ የገጸ ባሕርይ ሞት) የሚል ነጻ ታግ፣ ማለትም ደራሲው በራሱ ቃል የሚለጥፈው አጭር መግለጫ፣ ይጨምራሉ። ይህ ግን ፈቃድ እንጂ ግዴታ አይደለም።

ማጣሪያውን በትክክል ለመጠቀም እንዲህ አድርጉ። የምትፈልጉትን ፋንደም (ታሪኮቹ የተመሠረቱበትን መጽሐፍ፣ ፊልም ወይም ጌም) ወይም ገጸ ባሕርይ ክፈቱ፤ በኮምፒውተር ከሆነ ማጣሪያው በጎን ይታያል፣ በስልክ ከሆነ የማጣሪያውን ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። ከላይ የሚካተቱት፣ ከሥር የሚወገዱት አሉ። ከሚወገዱት ውስጥ «ሜጀር ካራክተር ዴዝ»ን ምረጡ። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ስሕተቱም ይኸው ነው። «ደራሲው ማስጠንቀቂያ ላለመጠቀም መርጧል» የሚለውንም አስወግዱ፤ በዚያ ሥር የተቀመጠ ሥራ ማንኛውንም ነገር ሊይዝ ይችላል፣ ሞትንም ጨምሮ። ቀጥሎ ያለቁ ሥራዎችን ብቻ እንዲያሳያችሁ ምረጡ። በየምዕራፉ የሚወጣ ታሪክ ላይ ደራሲው የሞት ምልክቱን በመሀል ሊጨምር ይችላል፤ ለአዲስ ምዕራፍ የሚላከው ኢሜይል የታግ ለውጥን ለይቶ አይነግራችሁም። አስቀድማችሁ ያወረዳችሁት ፋይልም ባወረዳችሁበት ቀን የነበረውን ታግ ይዞ ይቀራል።

ማጣሪያው ዝርዝር ውስጥ የሚያሳያችሁ በብዛት የተጠቀሱትን አሥር ታጎች ብቻ ነው። ስለ አካል ጉዳት የሚናገሩት ታጎች ከእነዚህ አሥር ውስጥ እምብዛም አይገቡም፤ ስለዚህ በባዶው ሳጥን ራሳችሁ ጻፉት። «ዲስኤብልድ ካራክተር» (አካል ጉዳተኛ ገጸ ባሕርይ)፣ «ካኖን ዲስኤብልድ ካራክተር» (በዋናው ሥራ ውስጥም አካል ጉዳተኛ የሆነ)፣ «ክሮኒክ ፔይን» (የማይለቅ ሕመም)፣ «ዊልቸርስ» ሁሉም አሉ። በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ታግ አስተካካዮች ተመሳሳይ አጻጻፎችን ወደ አንድ ያመጧቸዋል፤ መጻፍ ስትጀምሩ ከሚመጣላችሁ ምርጫ ውስጥ ብትወስዱ ሁሉንም አጻጻፍ ያመጣላችኋል። ሞት የሌለበት ታሪክ ለሚፈልግ ደግሞ «ኤቭሪዋን ሊቭስ/ኖባዲ ዳይስ» (ሁሉም ይኖራል/ማንም አይሞትም) እና «ፊክስ-ኢት» (አስተካክለው) ጥሩ መነሻ ናቸው። «ፊክስ-ኢት» ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ አንዳንዱ ደራሲ «አስተካከልኩት» የሚለው ገጸ ባሕርይውን በማትረፍ ሳይሆን እግሩን በአስማት በመፈወስ ነው። «ይሙት ወይም ይዳን» የሚለው ምርጫ ሞትን ብቻ አስወግዶ ሌላውን ግማሽ ይዞ ሲመጣ ማለት ነው።

አሁን ከሁሉ የከፋው ወጥመድ። «ኤብሊዝም» የሚል ነጻ ታግ አለ፤ ሰው ኤብሊስት ነገር ማንበብ ስለማይፈልግ ያስወግደዋል። ይህን አታድርጉ። ታጉን የሚለጥፈው ስለ ጉዳዩ ያሰበ ደራሲ ነው፤ ታሪኩ ውስጥ አካል ጉዳተኛው ሲናቅ አሳይቶ ንቀቱን ይዋጋል፣ ወይም «ኢንተርናላይዝድ ኤብሊዝም» ብሎ ሰውየው ራሱን ሲንቅና ከዚያ ሲወጣ ያሳያል። ቲዮሪው ራሱ በንቀት ላይ የቆመ ደራሲ ግን ይህን ታግ አይለጥፍም፤ ንቀቱን ንቀት ብሎ አያውቀውም። ታጉን ስታስወግዱ ልብ ያሉትን ደራሲዎች አስወጥታችሁ ልብ ያላሉትን ታስቀራላችሁ። ደራሲው ራሱ በሚናገረው ላይ የተመሠረተ ማጣሪያ ሁሉ ይህ ድክመት አለበት። ይልቅ ታጉን አካትቱትና ማጠቃለያውን (ደራሲው ስለ ሥራው አስቀድሞ የሚሰጠውን አጭር መግለጫ) እና የደራሲውን ማስታወሻ አንብቡ።

ሌላም ትንሽ ነገር፦ መለያ (አካውንት) ያላችሁ ከሆነ ማስጠንቀቂያዎችንና ነጻ ታጎችን የሚደብቅ ምርጫ በቅንብሩ ውስጥ አለ። ታሪኩ እንዳይገለጥባቸው ሲሉ ያበሩት ሰዎች ኋላ ይረሱትና «ማስጠንቀቂያ አልነበረውም» ብለው ደራሲውን ይወቅሳሉ። ክስ ከማንሣታችሁ በፊት ያንን ተመልከቱ። ደራሲውም ዝርዝሩን በሥራው መጨረሻ ማስታወሻ ላይ አስቀምጦት ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ወደዚያ የሚወስድ ማያያዣ ይኖራል። ማጣሪያችሁን አገልግሎቱ አያስቀምጥላችሁም፤ አንዴ ካስተካከላችሁት በኋላ የገጹን አድራሻ በብራውዘራችሁ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ያዙት።

«ድሮ ሞቷል» ወይም «ይህ ሁሉ የኮማ ሕልም ነው» የሚሉት ቲዮሪዎች የተለየ ንግግር ይፈልጋሉ። በጣም የታወቀው ፖኬሞን የተባለው የጃፓን አኒሜሽን ዋና ገጸ ባሕርይ፣ የአሽ ነው፤ በ1997ቱ የመጀመሪያ ክፍል ላይ ፒካቹ የተባለው ፍጡሩ በለቀቀው ኤሌክትሪክ ምክንያት ኮማ ውስጥ ገብቷል፣ ከዚያ በኋላ ያየነው ሁሉ በጭንቅላቱ ውስጥ ያለ ነው ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ የሚያነሡት ነጥብ ቀላል አይደለም፤ የአንጎል ጉዳት የደረሰበት ልጅ እዚህ ላይ ሰው አይደለም፣ ለማስደንገጥ የተቀመጠ መዝጊያ ነው። አልጋው አጠገብ እናት የለችም፣ ነርስ የለችም፣ ከነቃ በኋላ የሚጠብቀው ሕይወት የለም። በሕክምናም ቢሆን ቲዮሪው አይቆምም፤ ኮማ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት አያልፍም። ሰውየው ይነቃል፣ ይሞታል፣ ወይም ዓይኑን ገልጦ ስለራሱና ስለ አካባቢው ወደማያውቅበት ሌላ ሁኔታ ይሸጋገራል፤ ዓመታት የሚፈጅ የተያያዘ ጀብዱ የሚያልምበት ጊዜ አይደለም። ይህ ማለት የኮማ ታሪክ አይጻፍ ማለት አይደለም። ተኝቶ ያለውን ልጅ እንደ ሰው የሚያይ፣ ማገገሙን በተራው የሚከተል ደራሲ እዚያው አገልግሎት ላይ ይገኛል። ችግሩ ማስጠንቀቂያው ላይ ነው፤ ኮማ ሞት ስላልሆነ ከአራቱ በአንዱም ሥር አይወድቅም። የኮማ ቲዮሪ መሸሽ የሚፈልግ ሰው «ኮማ» የሚለውን ታግ በሳጥኑ ጽፎ ማስወገድ አለበት፤ ብዙ ደራሲ ግን መጨረሻውን ላለማጋለጥ ይህን ታግ አይለጥፈውም።

ቲዮሪያችሁን ራሱን እዚያ መጫን ከፈለጋችሁ ይቻላል፤ ድርሰት ብቻ ሳይሆን ስለ ድርሰት የተጻፈ ትንታኔም ይቀበላሉ። «ሜታ» እና «ነንፊክሽን» የሚሉትን ታጎች ለጥፉ፤ ታሪክ ሊያነቡ የመጡ ሰዎች በስሕተት አይገቡበትም። ለማስጠንቀቂያው «ላለመጠቀም መርጫለሁ» የሚለውን እንመክራለን። ትንታኔ ሞትን ያወራል እንጂ አያሳይም፤ «ምንም የለም» ብትሉ ግን ከሞት ለመሸሽ ያጣራ ሰው ፊት ይቀርባል። በማጠቃለያው ሳጥን 1,250 ፊደል ትጽፋላችሁ። እዚያ ላይ የቲዮሪውን ፍሬ ነገርና ማስረጃው በምን ላይ እንደቆመ በግልጽ አስቀምጡ፤ አንባቢው ከመግባቱ በፊት «ጉዳቱን ሲያወጡት ይቆማል?» የሚለውን ራሱ እንዲመልስ። ማስታወሻው እስከ 5,000 ፊደል ይይዛል። በአንድ ሥራ ላይ የምትለጥፏቸው ታጎች ከ75 መብለጥ አይችሉም፤ ለትንታኔ ከ10 በላይ የሚያስፈልግ አይመስለንም።

አስተያየት መስጫው ለክርክር የተሠራ አይደለም፤ ግን ከብዙ ቦታ ይሻላል። አንድ አስተያየት እስከ 10,000 ፊደል ይይዛል፣ ይህም ተቃውሞን በአንድ ቃል ሳይሆን በማስረጃ ለማቅረብ ይበቃል። መልስ የተሰጠበት አስተያየት ከዚያ በኋላ አይታረምም፤ ተናግሮ መካድ ይከብዳል። ደራሲው አስተያየት የሚሰጡት መለያ ያላቸው ብቻ እንዲሆኑ ማድረግ፣ እያንዳንዱን አይቶ መፍቀድ፣ የጦዘ የመልስ ሰንሰለትን ማቀዝቀዝ፣ ሰውን ማገድ ይችላል። ትንታኔ የምትጭኑ ከሆነ አይቶ መፍቀድን ከመጀመሪያው ቀን አብሩት፤ ጠብ ከተነሣ በኋላ ማብራቱ አፍ እንደ መዝጋት ይቆጠርባችኋል።

ሪፖርት የሚደረገውና የማይደረገው ግራ ያጋባል። አገልግሎቱ አንድን ሥራ አስጸያፊ ነው ወይም ኤብሊስት ነው ብሎ አያወርድም። ደንቡ ግልጽ ነው፣ በዚህ ላይ ተስፋ ማድረግ ጊዜ ማባከን ነው። ሪፖርት የሚሠራው ዋናው ገጸ ባሕርይ ሞቶ ሳለ ደራሲው «ምንም የለም» ብሎ ከሆነ፣ ወይም ሰው በሰው ላይ ትንኮሳ ከፈጸመ ነው። «ይህ ቲዮሪ የአካል ጉዳተኛን ሕይወት ያሳንሳል» ማለት ትችት ነው፤ ይፈቀዳል። የአንድን ደራሲ ሥራ እየተከተሉ በየሥሩ መሳደብ ትንኮሳ ነው። በክርክሩ ውስጥ አካል ጉዳተኛ አድናቂዎች በሁለቱም ወገን እንዳሉ መርሳት አይገባም። አንዳንዶቹ አሳዛኝ ሞት ያለበት ታሪክ ራሳቸው ይጽፋሉ፤ ፈጽሞ የማይሞት፣ ደራሲው እንደ ዕቃ የሚንከባከበው ገጸ ባሕርይም ክብር የተሰጠው አይመስላቸውም። ሌላ ሰው በእነሱ ስም «ይህ ያስከፋቸዋል» ብሎ ክርክር ሲዘጋባቸው ያማቸዋል፣ ደግሞም ልክ ናቸው።

ስለ አነባበብ ባጭሩ፦ ለዓይነ ደካሞች የተዘጋጀ የገጽ ገጽታና ጨለማ ገጽታ አለ፤ ደራሲው ያስገባውን የተወሳሰበ አቀራረብ በአንድ ቁልፍ መደበቅ ይቻላል። ኢፐብን፣ ፒዲኤፍንና ኤችቲኤምኤልን ጨምሮ በአምስት ዓይነት ፋይል ይወርዳል። ቲዮሪያችሁን በፊልም ምስሎች የምታስደግፉ ከሆነ ምስሉን የሚገልጽ ጽሑፍ አብራችሁ አስገቡ። ስለ ዓይነ ስውር ገጸ ባሕርይ እየተከራከሩ ማስረጃውን ዓይነ ስውር አንባቢ በማይደርስበት መልክ ማቅረብ ያሳፍራል፤ ይህን የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። ለማንበብ መለያ አያስፈልግም፣ ለተመዘገቡ ብቻ ከተዘጉት ሥራዎች በቀር። መለያ ለመክፈት ግን ኢሜይል አስመዝግቦ ግብዣ መጠበቅ ያስፈልጋል።

አገልግሎቱ አምስተኛ የግዴታ ማስጠንቀቂያ ይጨምር ብለን አንጠይቅም፤ ደራሲው የማያየውን ነገር እንዲመሰክር ማስገደድ አይሠራም። ነጻ ታግ ግን ማንም መጀመር ይችላል፣ የተለያዩ ሰዎች ሲጠቀሙበት አስተካካዮቹ ወደ ማጣሪያው ያስገቡታል። ሞቱ ከጉዳቱ ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚናገር አንድ ወጥ ታግ ዛሬ መለጠፍ መጀመር ይቻላል። አጭር ይሁን፤ የእንግሊዝኛ ነጠላ ሰረዝም አይግባበት፣ ሲስተሙ በሰረዙ ላይ ቆርጦ ሁለት ታግ ያደርገዋል። የራሳችሁ ድርሰት ከሌላችሁ ደግሞ ሌሎች የጻፏቸውን ሥራዎች በዕልባት ስትይዙ በዕልባቱ ላይ የራሳችሁን ታግና ማስታወሻ መጨመር ትችላላችሁ፤ ዕልባቱን ለሕዝብ ክፍት ካደረጋችሁት ሌላ አንባቢም በዚያ ታግ አጣርቶ ያገኘዋል።